መልስ፦ ስለ እርጅና ለማወቅ ትል ማጥናት ምን ይሠራል?

የኮምቦልቻው ልጅ አብሽር፣ ጥያቄህ አያስቅም። «ሰው ስለ እርጅና ለማወቅ ለምን ትል ያጠናል? ወስፋት ነው እንዴ?» ብለሃል። ወስፋት አይደለም፣ ዘመዱ ነው። ሲ ኤሌጋንስ ይባላል። ርዝመቱ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የበሰበሰ ፍራፍሬና አፈር ውስጥ ይኖራል፣ ሰው አያሳምምም። ሰውነቱ እንደ ብርጭቆ ስለሆነ የበላው ባክቴሪያ ጉሮሮው ላይ ሲፈጭ ሳይቀር በማይክሮስኮፕ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ዋናው ነገር ፍጥነቱ ነው። ከእንቁላል ተነስቶ በ3 ቀን ገደማ ራሱ እንቁላል ይጥላል፣ በ2 ወይ 3 ሳምንት ደግሞ አርጅቶ ይሞታል። አይጥ ላይ ብትሞክረው ዓመታት ትጠብቃለህ። በ1993 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዋ እነ ሲንቲያ ኬንየን ዳፍ-2 የሚባለው አንድ ጂን (ዘረመል) ብቻ የተበላሸባቸው ትሎች ከሌሎቹ እጥፍ ያህል እንደሚኖሩ አሳዩ። የሚገርመው ይሄ ጂን እኛ ውስጥ የኢንሱሊንን መልእክት ከሚቀበለው ጋር ዘመድ ነው። እኔን ያሳመነኝ እሱ ነው።

ዝግመተ ለውጥን ለማጥናትማ ይብስ ይመቻል። ትሎቹን በረዶ አድርገህ ታስቀምጥና ከብዙ ትውልድ በኋላ ቅድመ አያትየውን አቅልጠህ፣ ነፍስ ዘርቶ ሲነቃ፣ ከልጅ ልጆቹ ጋር ታወዳድረዋለህ።

ሙቀትም ለውጥ አለው፤ 15 ዲግሪ ላይ ያለ ትል 25 ዲግሪ ላይ ካለው ይበልጥ ይኖራል። ትል ብትሆን ኖሮ የሐረጎን ዳገት ወጥተህ እኛ ጋ ደሴ ብርዱን ብትጠጣ ይሻልህ ነበር። ሰው ላይ ይሠራል አላልኩም እንግዲህ!