ካውያውን አስቀምጠው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንድ የድሮ ኮሚክ መጽሔት አለኝ። የሽፋኑ ጥግ ታጥፏል። የሚገርመው ሽፋኑ ሁለት ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ አብሮ ተሰፍቷል። ይዞታው ተመርምሮ የደረጃ ነጥብ እንዲሰጠው ከመላኬ በፊት በካውያ ላቃናው? ትርፉን ሽፋንስ ላንሳው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም፣ ወንድሜ! ፕሬስ የሚያደርጉ፣ ማለትም መጽሔትን ተጭነው የሚያቃኑ ባለሙያዎች ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና ጫናውን እየመጠኑ ነው የሚሠሩት። የቤት ካውያ ይህን አያውቅም። መጀመሪያ እጥፋቱን ብርሃን ላይ አጋድለህ እየው። ቀለሙ ካልተሰነጠቀ ፕሬስ ሊያቃናው ይችላል። ነጭ መስመር ካወጣ ግን ቀለሙ ሄዷል፤ ፕሬስ አይመልሰውም። በእስክሪብቶ ልቀባው እንዳትል ደግሞ! ለኮሚክ ደረጃ የሚሰጠው ድርጅት፣ ሲጂሲ (CGC)፣ ፕሬስን እንደ እድሳት አይቆጥርም። ቀለም መቀባትን ግን ይቆጥራል፤ መታደሱን የሚያሳይ ሐምራዊ መለያ ይሰጠዋል። ከ10 ጥሩ ነጥብ ቢያገኝ እንኳ ብዙ ገዢ ሐምራዊውን ሲያይ ፊቱን ያዞራል።

ሁለተኛውን ሽፋን አትንካው። የማተሚያ ቤት ስህተት ነው፤ ሲጠረዝ ትርፍ ሽፋን አብሮ ገብቷል። ሰብሳቢዎች ይህን ይፈልጉታል። የውስጠኛው ሽፋን በውጪው ተሸፍኖ ስለሚኖር ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። እኔም ከማተሚያ ስህተቶች ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ሌላው የማተሚያ ስህተት፣ ሲጠረዝ ተንጋዶ የታጠፈ ሽፋን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አይማርከኝም። የተሰፋበትን ሽቦ ሳትነካ፣ ድርብ ሽፋን መሆኑን ጽፈህ ላከው።