የቶኪዮው ቤተ መንግሥት፦ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው በር

እህቴ፣ «ቶኪዮ አንድ ቀን ብቻ ነው የምንቆየው፤ ከእናቴ ጋር ቤተ መንግሥቱን ማየት እንችላለን ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ትችላላችሁ፤ ንጉሠ ነገሥቱ የሚኖሩበትን ቤት ግን አታዩም። ለሕዝብ ክፍት የሆነው ምሥራቃዊው የአትክልት ስፍራ ነው፤ መግቢያው በነጻ ሲሆን ሰኞና ዓርብ ዝግ ነው። እኔ ሳላጣራ ሰኞ ማለዳ ሄጄ ከተዘጋ በር ጋር ፎቶ ተነሥቼ ተመልሻለሁ።

በአስጎብኚ የሚደረግ ጉብኝትም አለ፤ ፓስፖርት ይጠየቃል። ከአንድ ሰዓት በላይ በእግር ያስኬዱና አንድም ሕንፃ ውስጥ ሳያስገቡ ይሸኛሉ። የአዲስ ዓመት ሰላምታ የሚሰጥበትን አዳራሽ ከውጭ ታያላችሁ። አሮጌው ቤተ መንግሥት በ1945 በቦምብ ነድዶ የአሁኑ ያለቀው በ1968 ነው፤ ጃንሆይ በ1956 ቶኪዮን ሲጎበኙ ይህ አዳራሽ አልነበረም (ዓመቶቹ በፈረንጆች ነው)። ለእናትሽ ይህን ጉብኝት አልመክርም።

ከኦቴማቺ ባቡር ጣቢያ ወጥታችሁ ኦቴሞን በተባለው በር ግቡ። ቦርሳ ይፈተሻል። በሩን እንዳለፋችሁ በግንብ በታጠረ አራት ማዕዘን ግቢ ውስጥ ትሆናላችሁ፤ ሁለተኛው በር ያለው ወደ ጎን ዞሮ ነው። ቦታው ቶኩጋዋ የተባሉት ሾጉኖች፣ ማለትም ጃፓንን ይገዙ የነበሩ የጦር አለቆች፣ ምሽግ ነበርና፣ የመጀመሪያውን በር የሰበረ ጠላት እዚያ ታጉሮ ከላይ ጥቃት እንዲወርድበት ታስቦ የተሠራ ነው።

እኔን ያስቆመኝ ግን የዋናው ማማ መሠረት ነው። ማማው በ1657 ከተማዋን በበላው እሳት ጠፋ። መሠረቱን መልሰው ካነጹ በኋላ ገንዘቡ ለተቃጠለችው ከተማ ይቅደም ተብሎ ማማው ቀረ፤ ባዶው የድንጋይ መደብ እስከ ዛሬ ቆሟል። ድንጋዮቹ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ የተገጠሙ ናቸው። በመጋጠሚያቸው ጥፍሬን ላስገባ ሞክሬ አቃተኝ።

እናትሽን ታች ኒኖማሩ በሚባለው ኩሬ ዳር አስቀምጫቸው፤ በሰኔ ከሄዳችሁ ሐምራዊው አይሪስ ያብባል። አንቺ «ባሕር የሚታይበት» የሚል ስም ያለውን ዳገት ውጪ፤ አሁን የሚታየው ፎቅ ብቻ ነው።

ወደ ኒጁባሺ ድልድይ ለመሄድ ግን ታክሲ ያዙ፤ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ያለው አደባባይ ጠጠር ስለሆነ ለጉልበት አይመችም። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሣበት ባለ ሁለት ቅስቱ የድንጋይ ድልድይ ኒጁባሺ እንዳይመስልሽ፤ ኒጁባሺ ከኋላው ያለው የብረቱ ነው።