ጥያቄና መልስ፦ በአሜሪካ ጦር አገልግለው የመርዝ ጭስ የነካቸው ልጆቻችንና መብታቸው

ደሴ ከተመለስኩ ወዲህ ፒያሳ ቡና ይዤ በተቀመጥኩ ቁጥር ወንበር ስቦ የሚጠጋኝ ሰው አይጠፋም። «አሜሪካ ሳለህ የወታደሮችን ጉዳይ ትሠራ ነበር አሉ» ይሉና ስለ ልጃቸው፣ ስለ ወንድማቸው ይጀምራሉ። እውነት ነው፣ ቨርጂኒያ እያለሁ በአንድ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ውስጥ ማመልከቻ እሞላ ነበር። ጥያቄ ያለው ይላክልኝ ብዬ ነበር፤ ከደሴም ከኮምቦልቻም መጣልኝ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ኢራቅ ዘምቶ ነበር። አሁን አስም ይዞታል። «ፓክት አክት» የሚባል ሕግ አለ ይላል። ምንድን ነው?

ኢራቅና አፍጋኒስታን በነበሩት ካምፖች ቆሻሻ የሚያነሳ ማዘጋጃ ቤት አልነበረም። ትልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል። ፕላስቲክ፣ ጎማ፣ ባትሪ፣ የሕክምና ቆሻሻ፣ የመጸዳጃ ቤት ቆሻሻ ሳይቀር ይጣልበታል። የአውሮፕላን ነዳጅ ይርከፈከፍበትና ይለኮሳል። ኢራቅ ውስጥ ባላድ የነበረው ጉድጓድ ቀንም ሌሊትም ይጨስ ነበር። ወታደሩ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይተኛል። ሳሉ፣ አስሙ፣ ካንሰሩ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው።

ድሮ ሰውን የሚጥለው ማስረጃው ነበር። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ባጭሩ ቪኤ፣ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ሕመም እንዳለብህ፣ አገልግሎት ላይ አንድ ነገር እንደደረሰብህ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ የሐኪም ቃል። ታዲያ የትኛው ሐኪም ነው «ይህ ካንሰር የዚያን ጊዜ ጭስ ያመጣው ነው» ብሎ የሚፈርም? ፕሬዚዳንት ባይደን ኦገስት 10 ቀን 2022 የፈረሙት ሕግ ይህንን ሦስተኛውን ሸክም አነሳው። ያገለገልክበት ቦታ በዝርዝሩ ካለ፣ በሽታህም በዝርዝሩ ካለ፣ ሁለቱን ሕጉ ራሱ ያገናኛቸዋል። የተሰየመው ኢራቅ ዘምቶ በ2020 በሳንባ ካንሰር ባረፈው በሳጅን ሂዝ ሮቢንሰን ነው።

ከአገልግሎት በኋላ የታወቀ አስም በዝርዝሩ አለ። ሥር የሰደደ ብሮንካይትስና ሳይነስ፣ የሳንባ ጠባሳ፣ የአንጎል፣ የጣፊያ (ፓንክሪያስ)፣ የኩላሊትና የመተንፈሻ አካላት ካንሰሮችም አሉ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ የደም ካንሰር ዓይነቶችና የሽንት ፊኛ ካንሰር ተጨመሩ። ስለዚህ አብሽር፣ ወንድምህ ያመልክት።

ጥያቄ፦ ልጄ ኢራቅም አፍጋኒስታንም አልሄደም። ጅቡቲ ነበር። ይቆጠርለታል?

አዎ፣ እናቴ። ይሄ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ወዲህ ጅቡቲ ያገለገለ በዝርዝሩ ውስጥ ነው። የመን፣ ግብፅ፣ ዮርዳኖስ፣ ሶሪያና ኡዝቤኪስታንም አሉ። ሶማሊያ፣ ኩዌት፣ ሳውዲና ኳታር ደግሞ ከኦገስት 2 ቀን 1990 ጀምሮ ይቆጠራሉ። የኮምቦልቻ ሹፌር በየሳምንቱ ሚሌን አልፎ የሚደርስባት ጅቡቲ «ጦርነት የለባትምኮ» ተብላ ስንቱ መብቱን ትቶታል። ልጅዎ ከጦሩ ሲሰናበት የተሰጠውን ዲዲ-214 የሚባለውን ወረቀት ይፈልግ። ቦታው እዚያ ካልተጻፈ የጉዞ ትእዛዙን ይጠይቅ። ዜግነትም አያሳስብዎት፤ በግሪን ካርድ ያገለገለም መብቱ ያው ነው።

ጥያቄ፦ ለአስሜ ምርመራ ተጠርቼ ሄጄ ዜሮ በመቶ የጉዳት መጠን ተሰጠኝ። ሌሊት እንኳ ተኝቼ አላድርም። ለምን?

ልጠይቅህ። ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲልህ ምን አልከው? የእኛን ሰው አውቀዋለሁ። «አልሐምዱሊላህ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። እዚያ ማዶ የተቀመጠው ሰው የሚጽፈው ግን የሰማውን ነው። «ደህና ነኝ ብሏል» ብሎ ይጽፋል፣ አለቀ። ማመስገንህን ቤትህ አመስግን። እዚያ ስትገባ የከፋውን ቀንህን ተናገር። ደረጃ ስንት ጊዜ ያሳርፍሃል? ሌሊት ስንቴ ትነሳለህ? ከሥራ ስንት ቀን ቀረህ? መድኃኒቱን በቀን ስንት ጊዜ ትስባለህ?

ይሄ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም። ለአስም በየቀኑ የሚሳብ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው 30 በመቶ ይገባዋል። አልፎ አልፎ ብቻ የሚስብ 10 በመቶ ነው። ልዩነቱ ለቤተሰብ ጭማሪ ለመጠየቅም ስለሚያገለግል ከታች እመለስበታለሁ። አንተ ግን ውሳኔው በደረሰህ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና እንዲታይልህ ጠይቅ። ከ2022 በፊት ተከልክላችሁ የነበራችሁም በተጨማሪ ማመልከቻ መመለስ ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ «ካሳውን አወጣለታለሁ፣ ሲሶውን ትሰጡኛላችሁ» አለን። እንስማማ?

አትስማሙ። የመጀመሪያ ማመልከቻ ለማዘጋጀት ማንም ሰው ክፍያ መቀበል በአሜሪካ ሕግ ክልክል ነው። ቪኤ ፈቃድ የሰጣቸው አሜሪካን ሊጅንና ዲኤቪን የመሳሰሉ ማኅበራት በነፃ ይሠራሉ። ፈቃድ ያለው ጠበቃም ቢሆን ማስከፈል የሚችለው የመጀመሪያው ውሳኔ ከወጣ በኋላ ነው። የይለፍ ቃሉንና የባንክ ቁጥሩን ለደላላ የሰጠ ሰው አበሉ ወደ ሌላ ኪስ ሲሄድ ለማን ይጮሃል?

ጥያቄ፦ ልጄ አበል ያገኛል። እኔን የሚያኖረኝ እሱ ነው። በእኔ ስም የሚጨመርለት አለ?

አለ። 30 በመቶና ከዚያ በላይ የተወሰነለት ሰው ለሚስት፣ ለልጅ፣ ለሚጦረው ወላጅም ጭማሪ ይጠይቃል። ለወላጅ የሚሞላው ፎርም 21ፒ-509 ነው። ከአሜሪካ ውጭ ለሚኖር ወላጅ ግን ልጁ እንደሚያኖረው በማስረጃ መታየት አለበት። እዚህ ላይ ነው የምንጎዳው። ብሩ በሰው እጅ ይመጣል፣ ደረሰኝ የለም። በባንክ ወይም በሐዋላ ድርጅት ይላክልዎ፣ ወረቀቱን ያስቀምጡ። አንዱን ወር አንድ ሺህ ብር፣ ሌላውን ወር ዝም ከሆነ ደግሞ ማስረጃነቱ ይሳሳል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በካንሰር ሞተ። እዚህ ነው ያገባሁት፣ እዚህ ነው ያለሁት። መብት አለኝ?

ነፍስ ይማር፣ እህቴ። ሞቱ ከአገልግሎቱ ጋር በተያያዘ በሽታ ከሆነ ለሚስትና ለልጆች በየወሩ የሚከፈል አበል አለ። በ21ፒ-534ኢዜድ ይጠየቃል። ከሞተ በአንድ ዓመት ውስጥ ካመለከትሽ ክፍያው ከሞተበት ወር ይታሰባል። ካለፈም ማመልከት ይቻላል፣ የኋላው ግን ይቀራል። እናትና አባቱም ገቢያቸው ትንሽ ከሆነ የራሳቸው አበል አላቸው።

የደሴን ወረቀት በተመለከተ ግን ጠበቅ አድርጌ ልንገርሽ። ባለፈው ሰሞን አንዲት እህት የጋብቻ ወረቀቷን አስተርጉማ መጣች። ተርጓሚው ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር እንዳለ ትቶታል፤ የሞት ወረቀቱ ግን በፈረንጅ ነው። እዚያ ያለው ሠራተኛ ሲያየው ጋብቻው ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ሙሽራው ገና ልጅ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ሁለቱም አቆጣጠር ተለይቶ ይጻፍ በይ። ሁለተኛ፣ የስም አጻጻፍ። መሐመድ በአንዱ ወረቀት በአንድ ፊደል፣ በሌላው በሌላ ከተጻፈ ለእነሱ ሁለት ሰው ነው። የእሱን ስም ከዲዲ-214ቱ ላይ ፊደል በፊደል አስገልብጪ። ሦስተኛ፣ አንቺ በአባትሽ ነው የምትጠሪው፣ እሱ በአባቱ። እነሱ «ሚስቱ ከሆነች ስሟ ለምን ተለየ?» ይላሉ። የኢትዮጵያ ሴት ስትጋባ ስም እንደማትቀይር የሚገልጽ አጭር ማብራሪያ አያይዢ።

ጥያቄ፦ ወታደር አልነበርኩም። ኩዌት ለአሜሪካ ካምፕ በኮንትራክተር ሹፌር ነበርኩ። ሳንባዬ ታሟል።

ያንተ በቪኤ በኩል አይሄድም። ዲፌንስ ቤዝ አክት የሚባል የ1941 ሕግ አለ። ከአሜሪካ ውጭ ለጦሩ ሥራ የሚቀጥር ኩባንያ ሠራተኞቹን መድን እንዲገባላቸው ያስገድዳል፣ የውጭ ዜጋም ይካተታል። የሚከታተለው የአሜሪካ ሠራተኛ ሚኒስቴር ነው። ቀስ ብሎ ለሚመጣ የሥራ በሽታ የማመልከቻው ጊዜ በሽታው ከሥራው ጋር መያያዙን ካወቅክ ጀምሮ 2 ዓመት ነው። የቅጥር ውልህንና የካምፕ መግቢያ ባጅህን አልጣልክም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጥያቄ፦ አያቴ ማይጨው ላይ የጣሊያን መርዝ አቃጥሎት ኖረ። ለልጅ ልጆች ካሳ የለም?

ለግለሰብ የሚከፈል የለም። ጣሊያን በጦርነት የመርዝ ጋዝን የከለከለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ተቀብላ ሳለ ነው የሰናፍጭ ጋዝ በአውሮፕላን የረጨችው። ከማይጨው የሚመለሰውን ጦር በአሸንጌና በኮረም መንገድ ላይ ፈጀችው። የመከላከያ ሚኒስትሯ በይፋ ያመኑት በ1996 ነው። በ1956 ለመንግሥት የጦር ካሳ ለመክፈል ተስማምታ ነበር፤ የቆቃ ግድብ በዚያ ገንዘብ ተሠራ። አያትህን ያቃጠለው ጋዝ ሒሳብ መብራት ሆኖ ተከፈለ ማለት ነው። እኔ በበኩሌ አይዋጥልኝም።

ጥያቄ፦ በደርግ ጊዜ ወታደር ነበርኩ። ለእኛስ?

ጋሼ፣ የቪኤው ሕግ ለአሜሪካ ጦር ብቻ ነው። ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ጦራችን እንኳ አይገባበትም። በሀገራችን የጡረታ ሕግ አገልግሎት ላይ ለደረሰ ጉዳት አበል አለ፤ ጉዳቱ ግን በሐኪሞች ቦርድ መረጋገጥ አለበት። ቦታና በሽታን የሚያገናኝ ዝርዝር እኛም ቢኖረን ጥሩ ነበር።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ ጠቅልዬ ኮምቦልቻ ገብቻለሁ። አበሌ ይቋረጣል? ሕክምናስ?

አበሉ አይቋረጥም። ከአገልግሎት ጋር ተያይዞ ለተወሰነ በሽታ የውጭ ሀገር ሕክምና ፕሮግራም አለ፤ አስቀድመህ ተመዝገብ። ከፍለህ ትታከማለህ፣ ደረሰኝ ትልካለህ፣ ይመለስልሃል። «ካርድና ምርመራ» ብቻ የሚል ደረሰኝ አትቀበል። የበሽታው ስምና የተሰጠህ ሕክምና በየራሱ ይጻፍልህ።

ጥያቄ፦ የማመልከቻው ጊዜ አልፏል ይባላል።

አላለፈም። ያለፈው ወደ ኋላ የሚታሰበው ዕድል ነው፤ እስከ ኦገስት 14 ቀን 2023 ያመለከቱት ከ2022 ጀምሮ ተከፈላቸው። አሁን የሚቆጠረው ካመለከቱበት ቀን ነው። ወረቀት እስኪሟላ አትጠብቁ። በ21-0966 «ላመልክት አስቤያለሁ» ብሎ ማሳወቅ ይቻላል፤ ቀኑ ይያዛል፣ ዋናውን 21-526ኢዜድ ለመሙላት አንድ ዓመት ይሰጣል። አሜሪካ ያለ ልጅ ካላችሁ ዛሬ ማታ ደውሉለትና ይህን አንዱን ብቻ አስሞሉት።