ስፌቱ ሐዋሳ፣ ውሳኔው ባሕር ማዶ

ውድ ልጆቼ፣

ትምህርት ጨርሳችሁ ሐዋሳ ላይ ሥራ ስትፈልጉ ስለ ግሎባላይዜሽን ሁለት ነገር ትሰማላችሁ። አንዱ «እንጀራ አበላን» ይላል፤ ሌላው «በዘበዘን» ይላል። ሁለቱም ከመሬት ተነስተው አይናገሩም። ቻይና በ2001 እ.ኤ.አ. የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ከሆነች በኋላ ኑሮው የተሻሻለለት ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው፤ በዚያው ዘመን የአሜሪካ የጨርቃ ጨርቅና የቤት ዕቃ ፋብሪካዎች ተዘግተው ከተሞች ተራቁተዋል። በሀብታምና በድሃ አገሮች መካከል ያለው ልዩነት ሲጠብ፣ በየአገሩ ውስጥ ያለው በብዙ ቦታ ሰፍቷል። ጥቅሙ የደረሰውና ጉዳቱ የደረሰበት ሰው አንድ ስላልሆነ ክርክሩ አይበርድም። እናንተ ግን አንድ ጥያቄ ያዙ፦ ነገር ሲበላሽ ማን ይሄዳል፣ ማን ይቀራል?

በሐምሌ 2008 የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርካችንን ውሰዱ። ጨርቁ በብዛት ከእስያ ይመጣል፣ እዚህ ተቆርጦ ይሰፋል፣ በጅቡቲ በኩል ይወጣል። ይህን ያዋጣው አጎዋ (የአፍሪካ አገሮች ምርት ያለ ቀረጥ እንዲገባ የሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ) ነበር፤ ጨርቁ ከሌላ አገር ቢመጣም እዚህ ከተሰፋ ልብሱ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ከአጎዋ ስትሰረዝ የጥጥ ቲሸርት 16.5 በመቶ፣ የሰው ሠራሽ ክር ቲሸርት ደግሞ 32 በመቶ ቀረጥ መጣበት። ትርፉ ጠባብ በሆነ ሥራ ላይ ይህ ትዕዛዝን ወደ ሌላ አገር ለማዞር ይበቃል። በጦርነቱም ምክንያት፣ ከፓርኩ ዋና ዋና ኩባንያዎች አንዱ የነበረው ፒቪኤች ቀኑ ሳይደርስ በኅዳር መውጣቱን አስታወቀ። ባለሀብት ማሽኑን ነቅሎ ይሄዳል። ከገጠር መጥታ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል የተከራየች ልጅ ግን የት ትሂድ? ጉልበቷን የሚያረክሰው ይህ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት እዚህ መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር እንደነበረና ከልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ጽፏል። አሳፋሪ ቁጥር ነው፤ ቢሆንም ፓርኩ ባይኖር ይሻል ነበር አልልም።

የቡናው መንገድ ሌላ ነው፤ መሬቱ ተነቅሎ አይሄድም። ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ቡና ታጥቦና ተፈልፍሎ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ይወጣዋል። ሲቆላ ወደ 850 ግራም ይወርዳል፤ ለአንድ ድርብ ኤስፕሬሶ 18 ግራም ብትይዙ 47 ስኒ ነው። የስኒው ዋጋ አብዛኛው የኪራይ፣ የደመወዝ፣ የወተትና የስም ዋጋ ስለሆነ ገንዘቡ እዚያው ይቀራል። «ቆልተን እንዳንልክ የአውሮፓ ቀረጥ ከለከለን» የሚለውን አትቀበሉ። የአውሮፓ ኅብረት በተቆላ ቡና ላይ 7.5 በመቶ ቀረጥ ቢኖረውም፣ እኛን የመሰሉ አገሮች ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉን ያለ ቀረጥ ያስገባሉ። ችግሩ የተቆላ ቡና በሳምንታት ውስጥ መዓዛው መሸሹ፣ መርከብ መዘግየቱ፣ ቡና የሚቆሉት ኩባንያዎችም የብዙ አገር ቡና መቀላቀል መፈለጋቸው ነው። ስለዚህ ጥሬውን የሚያስወድደውን ሙያ ያዙ፦ የቡና ቅምሻ ተማሩ፤ ቀዩን ብቻ ማስለቀምና በለቀማው ቀን ማስፈልፈል እወቁ። እሸቱ በጆንያ ካደረ ይቦካል፤ ጣዕሙ ከተበላሸ ደግሞ የሚመልሰው ማጠቢያ የለም።

ወደ ፋብሪካ ለምትገቡት ደግሞ፣ ከመፈረማችሁ በፊት መሠረታዊ ደመወዝና አበል ለየብቻ ተጽፎ እዩ። ጡረታ (7 በመቶ ከእናንተ፣ 11 በመቶ ከአሠሪው) የሚታሰበው በመሠረታዊ ደመወዝ ነው፤ አበሉ ቢያምርም መሠረቱ ካነሰ የነገ ጡረታችሁ ያንሳል። በአዋጅ 1156/2011 መደበኛው ሥራ በሳምንት 48 ሰዓት፣ ትርፍ ሰዓት ቢበዛ 12 ነው። መሠረታዊ ደመወዝ 4,160 ብር ቢሆን፣ በወር ለ208 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 20 ብር ይመጣል። ትርፍ ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ድረስ በ1.5 ተባዝቶ 30 ብር፣ ከዚያ እስከ ንጋት 12 ሰዓት 35፣ በዕረፍት ቀን 40፣ በሕዝብ በዓል 50 ብር ነው። ሰዓታችሁን በየቀኑ በደብተራችሁ መዝግቡ፤ ስሌቱ የሚሳሳተው ሌሊቱ በቀን ዋጋ ሲቆጠር ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በዶላር የሚሸጥ ላኪ ገቢው በብር ሲጨምር ባለ ቋሚ ደመወዝ ገበያ ላይ ተጎድቷል፤ ዓመታዊ ጭማሪ በውሉ ይኑር በሉ።

አንድ ስፌት ብቻ ይዛችሁ አትቀመጡ፤ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚሰፋ ማሽን) ላይ ያላችሁ ኪስና ኮሌታ ተማሩ፣ ጥራት ቁጥጥርም ጨምሩ። ሕጉ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንና ደመወዝ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት የማግኘት መብት ሰጥቷችኋል። ሥራ ላይ እያላችሁ ጠይቁት፤ ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ማኅተም የሚመታላችሁ አታገኙም።