«ጥርሴ ቡናማ ነው፣ ሰርጌ ደግሞ ለጥር»

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፤

የ26 ዓመት ሴት ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት ወንጂ ነው። የላይኛው የፊት ጥርሶቼ መሐላቸው ቡናማ ነው፤ ጫፋቸው ላይ ደግሞ ኖራ የመሰሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉ። አያመኝም፣ የተቦረቦረም የለም። ግን ስስቅ እጄ ሳላዘው አፌ ላይ ይሄዳል፤ ፎቶ ላይ ከንፈሬ ተገጥሞ ያልወጣሁበት የለም። መፋቂያውንም፣ የከሰል ዱቄቱንም፣ ሎሚና ጨውንም ሞከርኩ። ቀለሙ ንቅንቅ አላለም፤ ይልቅ አሁን ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ጥርሴን ይጠዘጥዘኛል።

ሰርጌ ለጥር ነው፤ ይሄው ጥቅምት ገባ። አንድ ክሊኒክ «8 ጥርስ ሞርደን ክራውን እናልብስሽ፣ በ2 ሳምንት ያልቃል» አሉኝ። ሌላ ቦታ ደግሞ «ብሊች ብቻ ይበቃሻል» ተባልኩ። የትኛውን ልስማ? እህቴም የ2 ዓመት ሴት ልጅ አለቻት፤ የሷ ጥርስ እንዲህ እንዳይሆን ምን ታድርግ?

ወ. ነኝ፣ ከአዳማ

እህቴ ወ.፣

ክራውኑን፣ ማለትም በተሞረደ ጥርስ ላይ የሚደፋውን ሰው ሠራሽ ሽፋን፣ እምቢ በይ። ብሊቹን፣ ማለትም ጥርስን በመድኃኒት ማንጣቱን፣ ደግሞ አቆዪው፤ ከሱ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ።

ጥርስሽን ባላየውም ወንጂ ማለትሽ ብዙ ነግሮኛል። በስምጥ ሸለቆ ከእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ የሚወጣው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በዚያ አካባቢ ከ10 በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። ቋሚ ጥርስ ድድ ውስጥ ሆኖ በሚሠራበት በልጅነት ዕድሜ ይህን ውሃ የጠጣ ሰው ኢናሜሉ፣ ማለትም የጥርሱ የላይኛው ጠንካራ ልባስ፣ ጥቃቅን ቀዳዳ የበዛበት ሆኖ ይወጣል። ኖራ የመሰለው ነጭ ይኸው ነው። ቡናማው ግን አብሮሽ አልተወለደም፤ ጥርሱ ከወጣ በኋላ የሻዩና የምግቡ ቀለም በቀዳዳዎቹ እየሰረገ የገባ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከላይ ከላዩ ነው፤ መፍትሔውም ከላይ ይጀምራል።

ከሰሉና ሎሚው ለምን አልሠሩም? ከሰል ይፍቃል እንጂ ቀዳዳው ውስጥ አይገባም። ሎሚ ደግሞ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) 2 አካባቢ ነው፤ ኢናሜል ከ5.5 በታች መሟሟት ይጀምራል። የሚጠዘጥዝሽ ከዚያ የተነሳ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬውኑ አቁሚ። ለ2 ሳምንት ለሚጠዘጥዝ ጥርስ በተሠራ ፖታሲየም ናይትሬትና ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በለስላሳ ብሩሽ ቦርሺ፤ ስትጨርሺ አረፋውን ትፊው እንጂ አትጉመጥመጪ። በዚያው ሰሞን ጥርስሽ ይታጠብ፤ የሚደማ ድድ ወይም የተደበቀ ቀዳዳ ካለ ቀድሞ ይታከም።

አንድ ነገር ራስሽ ሞክሪ። መስኮት አጠገብ ቆመሽ ቡናማው ላይ ጥፍርሽን አንሸራትቺ። ለስላሳ ከሆነ ቀለሙ ቀላል ነው፤ ጥፍርሽ ከያዘ ግን ጉድጓድ አለ፣ በመጨረሻ ሙሌት ያስፈልገዋል።

ሐኪምሽን የምትጠይቂው «ማይክሮአብሬዥን ትሠራላችሁ?» ብለሽ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥርሶቹ በላስቲክ መጋረጃ ከድድሽ ይለያሉ። 6.6 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድና የሲሊኮን ካርባይድ ብናኝ የተቀላቀለበት ሊጥ መሳይ ነገር ጥርሱ ላይ ይደረግና፣ ቀስ ብሎ በሚዞር የጎማ ጽዋ 1 ደቂቃ ያህል ይታሻል፤ ይታጠባል፤ እንደገና ይደገማል። በየዙሩ መሐል ሐኪሙ ጥርሱን አርጥቦ ማየት አለበት፤ የደረቀ ጥርስ ነጥቶ ስለሚታይ ዓይንን ያታልላል። በጠቅላላው የሚነሳው ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። የፊት ጥርስ ኢናሜል ወደ ጫፉ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ይህን ይችላል፤ ወደ ድዱ ግን ስለሚሳሳ እዚያ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ብዙ ዙር ተደግሞ ቀለሙ ካልደበዘዘ ጠልቋል ማለት ነውና ይቁም። ያለ ላስቲክ መጋረጃ «እናድርግልሽ» ካሉሽ ተነሽና ውጪ፤ አሲዱ ድድ ያቃጥላል።

ከዚያ 2 ሳምንት ጠብቂና ብሊቹን ጀምሪ። በጥርስሽ ልክ በተሠራ ስስ ፕላስቲክ ውስጥ 10 በመቶ ካርባማይድ ፐሮክሳይድ፣ ለየጥርሱ የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ማታ አድርገሽ ትተኛለሽ፤ ከ2 እስከ 3 ሳምንት። ድድሽ ላይ የተረፈውን በጣትሽ ጥረጊው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነጫጮቹ ነጠብጣቦች ብሰው ይታያሉ፤ አትደንግጪ፣ ዙሪያው ሲነጣ ልዩነቱ ይጠባል። ከጠዘጠዘሽ አንድ ማታ ዝለዪ። በዚያ ጊዜ ጥቁር ሻይና እርድ የበዛበት አልጫ ቀንሺ። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም የምታጠቢ ከሆነ ብሊች ይቅር።

ሙሌት ካስፈለገ ከብሊቹ 2 ሳምንት በኋላ ይሁን። ጥርሱ ውስጥ የቀረው ኦክስጅን ኮምፖዚቱ፣ ማለትም የጥርስ ቀለም ያለው የሙሌት ማቴሪያል፣ በደንብ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። የፍሎራይድ ጥርስ ላይ ሌላም ችግር አለ፤ የላዩ ሽፋን አሲድን ስለሚቋቋም ሐኪሙ ጥቂት ካልሞረደው ወይም ከሙሌቱ በፊት ጥርሱ ላይ የሚቀባውን አሲድ ካላቆየው ሙሌቱ በአጭር ጊዜ ይላቀቃል። ይህን ሳትፈሪ አንሺባቸው። ሁሉም ተደማምሮ 9 ሳምንት ገደማ ይሆናል፤ በዚህ ሳምንት ከጀመርሽ ለጥር ትደርሻለሽ።

ስለ ክራውኑ ደግሞ፤ አንድ ክራውን ለማልበስ ከሚታየው የጥርስ አካል ከግማሽ በላይ ይሞረዳል። ነርቩ ሊሞት ይችላል፤ ክራውኑም ዕድሜው ሲያልቅ ይቀየራል፣ ገና 26 ዓመትሽ ነው። ለደህና 8 ጥርስ ይህን ያቀረበልሽ ሰው ለአንቺ አላሰበም። ከላይ ያልኩት ሁሉ ተሞክሮ ሁለት ጥርስ አልነጣ ቢል እንኳ ቬኒር አለ። ከ0.3 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ተነስቶ የሚለጠፍ ስስ ፖርሴሊን ነው። እሱም አንዴ ከተሞረደ መመለሻ የለውምና ለሁለቱ ብቻ ይሁን፣ ስምንቱን አትስጪ።

የእህትሽ ልጅ ደህና ጊዜ ላይ ነች፤ የፊት ቋሚ ጥርሶቿ አሁን እየተሠሩ ስለሆነ የምትጠጣውና ምግቧ የሚበስልበት ውሃ አሁኑኑ ይቀየር። ውሃ ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም፤ ውሃው ሲተን ይባስ ይጠነክራል። የዝናብ ውሃ፣ ፍሎራይዱ የተለካ የቧንቧ ውሃ ወይም በአጥንት ከሰል የተጣራ ይሻላል። የጥርስ ሳሙናውን ግን አትከልክሏት፤ የሩዝ ፍሬ ታህል ብቻ፣ እናቷ ራሷ እየቦረሸችላት።