«እሷ ደግሞ ፀባየኛ ናት»

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ልጅ ስሆን 11ኛ ክፍል ናቹራል ነው የምማረው። ታላቅ እኅቴ ጎንደር ሕክምና ታጠናለች። ታናሽ ወንድሜ ገና 13 ዓመቱ ቢሆንም ሥዕሉን ያየ ሁሉ «ይህ ልጅ እጁ የተባረከ ነው» ይላል። እኔ ምንም የለኝም። ከ58 ተማሪ 21ኛ ነኝ፤ ስፖርት አልችልም፤ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ክፍል ገብቼ በሦስተኛው ሳምንት ተውኩት፤ ኮዲንግ በስልኬ ጀምሬ እሱንም ተውኩት። ለፋሲካ ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ አጎቴ «አንቺስ ምን ልትሆኚ ነው?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። እናቴ ቀበል አድርጋ «እሷ ደግሞ ፀባየኛ ናት» ስትለው ሁሉም ሳቁ። በማግስቱ ወንድሜ እናታችን ቡና ስትቆላ የሳላትን ሥዕል ቀድጄ ከሰል ላይ ጣልኩት፤ እስካሁን ነፋስ የወሰደበት ይመስለዋል። ሌሊት ይህን ሁሉ ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። መክሊቴን ሳላገኝ 12ኛ ክፍል ልገባ ነው። ምን ልሁን?

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣ ደብዳቤሽ «ምን ልሁን?» ብሎ ቢያበቃም፣ እኔን ብዙ ያቆየኝ መሐል ላይ ያለው የእናትሽ ንግግር ነው። እናትሽ ያን ያለችው አንቺን ለማሳነስ አይመስለኝም፤ ልጇ በዘመድ ፊት መልስ አጥታ ስትቸገር አይታ፣ በአፏ የመጣላትን ምስጋና ይዛ የደረሰች ይመስለኛል። ነገር ግን «ፀባየኛ» በእኛ ቤት ሌላ የሚባል ሲጠፋ የሚባል ቃል መሆኑን አንቺም፣ አጎትሽም፣ የሳቁትም ያውቃሉ። በሪፖርት ካርድ ላይ ከትምህርቶቹ ሁሉ በታች «ፀባይ» ተብሎ ኤ እንደሚጻፈው ነው፤ ማንም አይነፈገውም፣ አማካይ ውስጥም አይገባም።

ልጆች ያሉበት ቤት ሁሉ ሳያስበው ስም ያከፋፍላል፤ አንዷ ጎበዟ፣ አንዱ እጀ ወርቁ፣ አንዱ ተጫዋቹ፣ አንዷ ፀባየኛዋ ይሆናሉ። ክፍፍሉ አንዴ ከጸና በኋላ የጎበዟ ቦታ የተያዘ ስለሆነ፣ ሁለተኛዋ ልጅ የምታመጣው ጥሩ ውጤት «ያው እንደ እኅቷ» ይባላል እንጂ የራሷ ሆኖ አይቆጠርላትም፤ ስለዚህም ብዙ ልጆች እኅታቸው ወይም ወንድማቸው በያዘው መስክ መድከም ይተዉና ያልተያዘ ቦታ ይፈልጋሉ። አንቺም ደብዳቤሽ ላይ ራስሽን የመዘንሽው በእኅትሽና በወንድምሽ ሚዛን ብቻ ነው። ሂሳብ ትወጃለሽ ወይስ ባዮሎጂ፣ ከሰው ጋር መዋል ይቀልልሻል ወይስ ብቻሽን መሥራት፣ ስለነዚህ አንድም መስመር አልጻፍሽም፤ ይህም እንዳስተዋልኩት ከውጤትሽ ይልቅ አሳሳቢው ነገር ነው።

«መክሊቴን ሳላገኝ» ብለሻል። ይህ አባባል በየመድረኩና በየቪዲዮው ከመደጋገሙ የተነሣ፣ ሰው ሁሉ አንድ የተሰወረ ነገር ይዞ የተወለደ፣ ቁም ነገሩም ያንን እንደ ጠፋ ቁልፍ ፈልጎ ማግኘት የሆነ አስመስሎታል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ያለው ምሳሌ ግን ስለ ፍለጋ አያወራም፤ መክሊት የተሰጣቸው ሦስቱም አገልጋዮች ምን እንደያዙ ያውቁ ነበር፤ ሦስተኛው የተወቀሰውም ስላላገኘ ሳይሆን ፈርቶ ስለቀበረው ነው። ወደ ስብከት እንዳልሄድብሽ እዚህ ላይ ልተወውና፣ ሦስት ሳምንት ከቆየሽበት ቦታ ሌላ ቃል ልዋስ። በቅዳሴ ጊዜ ሕዝቡ ለካህኑ የሚመልሰው ዜማ «ተሰጥኦ» እንደሚባል ታውቂያለሽ። ያን ተሰጥኦ ይዞ የተወለደ የለም፤ ሰው በልጅነቱ ከእናቱ ነጠላ ሥር ቆሞ መጀመሪያ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ፣ ቀጥሎ የመጨረሻዋን ቃል ብቻ እየያዘ፣ ከዓመታት በኋላ ሳያስበው የሚመልሰው ነው። ስለ ችሎታ በሥነ ልቦና የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከዚህኛው ተሰጥኦ ጋር የሚሄድ ነው።

ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ ይወለዳል አልልሽም፤ የወንድምሽ ዓይን ከብዙ ልጆች ዓይን ቀድሞ መስመር ሊይዝ ይችላል። ሆኖም አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ቤንጃሚን ብሉም ከባልደረቦቹ ጋር፣ በፒያኖ፣ በቅርጻ ቅርጽ፣ በዋና፣ በቴኒስ፣ በሂሳብና በነርቭ ምርምር ከፍተኛ ደረጃ የደረሱ 120 ሰዎችን ታሪክ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ሥራ፣ አብዛኞቹ በልጅነታቸው ለዚህ ይበቃሉ ተብሎ ያልተነገረላቸው እንደነበሩ አሳይቷል። የመጀመሪያ አስተማሪዎቻቸው እንኳ በአብዛኛው ልጁ ነገሩን እንዲወድደው የሚያደርጉ ደግ የሰፈር መምህራን እንጂ ታላላቅ ጠበብት አልነበሩም።

በሦስተኛው ሳምንት ምን እንደደረሰብሽ ባትነግሪኝም፣ እኔ ዘንድ ከሚመጡ ወጣቶች ከምሰማው መገመት እችላለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም አዲስ ስለሆነ ስሕተት አይታወቅም። ሰነባብቶ ግን ጆሮ ከድምፅ ቀድሞ ይማራል፤ ማለትም ትክክለኛውን ዜማ ከተሳሳተው መለየት የጀመርሽው፣ ትክክለኛውን ማውጣት ከመቻልሽ በፊት ነው። በዚያ ሰዓት ሰው የሚሰማው እየባሰበት የሄደ ያህል ነው፤ እውነቱ ግን መሻሻል የጀመረው የመስማት ችሎታው መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ከጎንሽ ያለችው ልጅ ምናልባት ሁለት ዓመት የቆየች ትሆናለች፤ አንቺ ግን የሦስት ሳምንት ድምፅሽን ከሁለት ዓመት ድምፅ ጋር አስተያይተሽ «አልችልም» አልሽ። ኮዲንጉም በዚሁ መንገድ ያለቀ ይመስለኛል።

ከዚያ የሚከተለውን ደግሞ በደንብ እንድታስተውዪው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የችግርሽ ሞተር ያለው እዚህ ነው። የተውሽ ዕለት ደረትሽ ቀለል ይልሻል። ያ እፎይታ እውነተኛ ስለሆነ አእምሮሽ «መተው መድኃኒት ነው» ብሎ ይይዘዋል፤ በሚቀጥለውም ጊዜ ትንሽ ቀደም ብለሽ ትተያለሽ። ዳር ሳይደርስ የተተወው ነገር ሁሉ ደግሞ «ምንም የለኝም» ለሚለው ሐሳብ እንደ ማስረጃ ይቆጠራል። ሰው «እችላለሁ» የሚለውን እምነት ከየት እንደሚያገኝ ያጠናው አልበርት ባንዱራ ከዘረዘራቸው ምንጮች ሁሉ ብርቱ ያለው፣ ራስን ከብዶት በነበረ ነገር ላይ ሲሳካለት ማየትን ነው፤ የሌላ ሰው «አይዞሽ፣ ትችያለሽ» ከዚያ በእጅጉ ይደክማል። እኔም ከዚህ ሆኜ «የተደበቀ ችሎታ አለሽ» ብልሽ እስከ ማታ እንኳ አይቆይልሽም።

ስለዚህ አንድ ነገር ምረጪ፤ መዝሙሩ ቢሆንም፣ ኮዲንጉ ቢሆንም፣ ሌላም ቢሆን ግድ የለኝም። ከመጀመርሽ በፊት ግን አንድ መንፈቀ ዓመት እስኪያልቅ «ጎበዝ ነኝ ወይስ አይደለሁም?» የሚለውን ጥያቄ ላለመመለስ ወስኚ። ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም፤ ሲመጣ ቀኑ አልደረሰም ብለሽ አሳልፊው። በደብተር ላይ በየሳምንቱ አንድ መስመር ብቻ ጻፊ፦ ባለፈው እሑድ ያቃተኝ፣ ዛሬ የቻልኩት። ባዶ የሚያልፉ ሳምንታት ይኖራሉ፤ ባዶውንም ቀኑን ጽፈሽ ተዪው።

ስለ ወደፊቱ ሥራሽ የጻፍሽው ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም፤ ምክንያቱም ያስፈራሽ ውሳኔ ገና ያንቺ ተራ ላይ አልደረሰም። ከ58 ተማሪ 21ኛ የምትወጣ ልጅ ከ37 ተማሪዎች ቀድማለች። የ12ኛ ክፍል ፈተናን ካነሳን፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ወጣቶች ከዘጠና አራት የሚበልጡት ችሎታ የላቸውም ብሎ የሚደመድም አስተዋይ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ትምህርት ቤቶቻችንና ስለ ዝግጅታችን ነው። ፈተናው መዘጋጀትን ይፈልጋል፤ ተሰጥኦሽን ግን አይለካም። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢም የመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው የጋራ ኮርሶች የሚወሰዱበት ስለሆነ የትምህርት ክፍል የምትመርጪው ከዚያ በኋላ ነው። የሥራ ሕይወትን በየዕድሜው የከፈለው ዶናልድ ሱፐር ከ15 እስከ 24 ዓመት ያለውን ጊዜ የፍተሻ ዘመን ብሎታል። ስለ ወጣቶች የማንነት ቀውስ በመጻፍ የታወቀው ኤሪክ ኤሪክሰን ራሱ፣ እስከ 25 ዓመቱ ድረስ ሠዓሊ ልሁን እያለ አውሮፓን ሲዞር ቆይቶ ቪየና ውስጥ አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ለማስተማር የገባ ሰው ነበር።

እስከዚያው አንድ ሥራ ልስጥሽ። እኛ ሙያን የምናውቀው በስሙ ነው፤ ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ አካውንታንት እንላለን እንጂ ሰዎቹ ሲሠሩ የሚውሉትን አናውቅም። ሰፈርሽ ወዳለው ፋርማሲ ወይም አንድ ዘመድሽ ወደሚሠራበት ቢሮ ሄደሽ «ሙያዎን ይወዱታል?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሁሉም «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚሉሽ። ይልቁን «ትናንት ጠዋት ከገቡ እስከ ምሳ ሰዓት ምን ምን ሠሩ?» በዪ። ያን ጊዜ ፋርማሲስቷ ጊዜው የሚያልፍበትን መድኃኒት ስትለይ እንዳረፈደች፣ የማይነበብ የሐኪም ጽሑፍ ይዛ ስልክ ስትደውል እንደቆየች፣ ገንዘብ ላጠራቸው እናት የትኛው መድኃኒት እንደሚቀድም ስታስረዳ እንደነበር ትነግርሻለች። ከዚህ ውስጥ የትኛው እንደሚሰለችሽ፣ የትኛውን ደግሞ ደክሞሽም ቢሆን እንደምትሠሪው ልብ በዪ። አምስት ስድስት ሰዎች ከጠየቅሽ በኋላ የአጎትሽ ጥያቄ እንደ በፊቱ አያስደነግጥሽም፤ «ገና እያየሁ ነው፤ እስካሁን እነዚህን አይቻለሁ» ማለትም መልስ ነው።

ስለ እንቅልፍሽ ደግሞ ይህን ልበል። እንቅልፍ ማጣቱ በአብዛኞቹ ቀናት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ምግብና ጓደኛም ካስጠላሽ፣ ወይም ባልኖር ይሻላል የሚል ሐሳብ አንዴም ቢሆን ከመጣብሽ፣ ይህን ጽሑፍ ተዪውና ለምታምኚው ታላቅ ሰው ዛሬውኑ ተናግረሽ በአቅራቢያችሁ ባለ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ሂዱ።

ለእናትሽ የምትነግሪያት በዘመድ ፊት አይሁን፤ ቡና ላይም ቢሆን ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ይሁን። «እማዬ፣ ፀባየኛ ስትዪኝ ሌላ ምንም የሌለኝ ያህል ይሰማኛል፤ ሰው ሲጠይቅሽ ገና እያየች ነው በዪልኝ» ማለት ይበቃል። ለምን እንዳለችው አታከራክሪያት፤ እናቶች በመጀመሪያ «እንዴ፣ ምን አልኩ?» ይላሉ፤ ነገሩን የሚያስታውሱት አድረው ነው።

በመጨረሻ ወዳቆየሁት ወደ ሥዕሉ ልምጣ። ለማንም ያልነገርሽውን ለእኔ ስለጻፍሽ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚከብድሽ እሱ እንደሆነ ገምቻለሁ። ቅናት ክፉ ሰው መሆንሽን አያሳይም፤ በአንድ ቤት ውስጥ የምስጋናው ድርሻ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል የማይቀና ልጅ ብርቅ ነው። ሥዕሉን ማቃጠልሽ ግን በደል ነው፤ የተበደለውም ስለ ስም ክፍፍሉ ምንም የማያውቅ የ13 ዓመት ልጅ ነው። አጎትሽ ባይጠይቅ፣ እናትሽ ባትናገር፣ ያ ወረቀት ዛሬም ግድግዳ ላይ ይኖር እንደነበር ታውቂያለሽ፤ ለወንድምሽ ግን ይህን አታስረጂው፤ ይቅርታን ምክንያት ሲበዛበት ክስ ይመስላል። ብቻችሁን ስትሆኑ «ነፋስ አይደለም፤ እኔ ነኝ ያቃጠልኩት፤ ተናድጄ ነበር፤ አንተ ምንም አላደረግከኝም» በዪው። ቢያለቅስም፣ ቢሰድብሽም፣ ለእናታችሁ ቢናገርም ተቀበዪው። ድጋሚ እንዲስለው ግን አትለምኚው። ቡና ስትቆላ የምትታየውን እናቱን መሳል የፈለገ ልጅ መቼ እንደሚስላት ራሱ ያውቃል።