ከሜክሲኮ አራት ኪሎ ስንት ደቂቃ ነው? የጥያቄዎቻችሁ መልስ

በመሀል አዲስ አበባ የመኪና ጉዞ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ስለመገመት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ሥራዬ የትራፊክ ልኬት ነው። ጥያቄዎቹ ብዙ ስለሆኑ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ መልሻለሁ።

ከሜክሲኮ አራት ኪሎ ቢበዛ 4 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ለምን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል?

ወንድሜ፣ 4 ኪሎ ሜትር በሰዓት 30 ቢነዳ 8 ደቂቃ ነው። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ግን መኪናው የቆመበትን አይቆጥርም። መሀል ከተማ ጊዜ የሚበላው መቆሙ ነው። ለገሃር፣ ስታዲየም፣ አምባሳደር እያልክ 5 ቦታ ላይ 3፣ 3 ደቂቃ ብትቆም 15 ደቂቃ ሄደ። ስለዚህ መንገዱን በየመብራቱና በየአደባባዩ ቆራርጠው። የቆምክበትን ለብቻ፣ የነዳህበትን ለብቻ መዝግብ። የቱ ቦታ እንደሚያዘገይህ ያኔ ይታይሃል።

1፡30 ስወጣ መንገዱ ጥሩ ነው፤ 2 ሰዓት ላይ ግን ጭንቅ ነው። በግማሽ ሰዓት ይህን ያህል ይለወጣል?

ይለወጣል። አሜሪካኖች በ1964 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ እስካሁን የሚሠራበት ቀመር አለ። መንገዱ የአቅሙን ግማሽ ሲይዝ ጉዞው የሚረዝመው በ1 በመቶ ገደማ ነው። ሲሞላ በ15 በመቶ። ከአቅሙ በላይ በግማሽ ሲጨመርበት በ76 በመቶ። ይሄም የመብራት ሰልፉን በደንብ ሳይዝ ነው!

ስሄድ በሰዓት 30፣ ስመለስ በ10 ነዳሁ። አማካዩ 20 ነው?

አይደለም፣ 15 ነው። በዝግታው ላይ ብዙ ሰዓት ቆይተሃል።

የስልኬ ካርታ 25 ደቂቃ ብሎኝ 45 ፈጀብኝ። ልተወው?

አትተዪው። መንገድ ላይ ካሉ ስልኮች ፍጥነትና ካለፉት ቀናት ልማድ ነው የሚገምተው። ከወጣሽ በኋላ ለእንግዳ የሚዘጋ መንገድን ግን ቀድሞ አያውቅም። የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሰሞን፣ ወይም መስከረም 16 ለደመራ መስቀል አደባባይ ሲዘጋ፣ የሚዘጉትን መንገዶች ከዜና ስሚ።

ልጄን ከትምህርት ቤት የማመጣው እኔ ነኝ። በየትኛው ልቁጠር?

እህቴ፣ በአማካዩ አትቁጠሪ። በአማካዩ ከወጣሽ ግማሽ ያህሉን ቀን ትዘገያለሽ። እኔ አባቴን ለሕክምና ሳደርስ የለመድኩትን 25 ደቂቃ ይዤ ወጣሁ። ካዛንቺስ ላይ ቆመን ቀረን፤ ቀጠሮው አለፈ። አባቴ ምንም አላለኝም፣ እኔን ግን እስካሁን ይቆጨኛል። አንቺ የ10 የትምህርት ቀን ጉዞ በዚያው ሰዓት መዝግቢ። ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሪና 9ኛውን ያዢ። ከ10 ቀን 9ኙን በሰዓቱ ትደርሻለሽ። ክረምት ሲገባና መስከረም ላይ እንደገና ለኪ፤ የሐምሌው ቁጥር ለመስከረም አይሆንም።

በሚኒባስ ታክሲ ለምንሄደውስ?

ልኬቱ የሚጀምረው ሰልፉ ላይ ከቆማችሁበት ደቂቃ ነው።